ከዳን ዓለሙ

ሰኞ፣ ግንቦት 6። ቢቸና፣ ጥዋት 2 ሰዓት
ዛሬም በር ላይ ነኝ። ጠብመንጃው በግራ፣ አንተ ደብተሬ በቀኝ። የሚገባውን ሰው ሁሉ ወረቀት ተቀብዬ አነብለታለሁ፤ ማንበብ የሚችለውም አያመልጠኝም። የማታው መሠረተ ትምህርት ካፈራቸው አንደኛ እኔ ነኝ፤ ሁለተኛውን አላውቀውም። የጽ/ቤታችን ኃላፊ ጓድ ይርጋ፣ የምስክር ወረቀቴን እስከ ቅዳሜ ካመጣሁ ከዘበኝነት ወደ መዝገብ ቤት ያዛውሩኛል። ካለፈ ቦታው የሌላ ሰው ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 8። 9 ሰዓት
ጉድ ሆንሁ። ወረቀቱ ተመታ። «ከዳን ዓለሙ» ይላል። እኔ ኪዳን ነኝ! ታይፒስታችን እትዬ ጽጌ የጽሕፈት መኪናው ሳልስ የምታወጣዋ ጭረት ተሰብራለች፣ ኪው ከ፣ ሚው መ ይሆናል አሉኝ። ጎረቤቴ መሪጌታ ሰምተው፣ እኛ ስንት ዓመት የደከምንበትን ቅኔ ብረት በአንድ ቀን ዘረፈው ብለው ሳቁ። ጓድ ይርጋ አልሳቁም።
«ማን ነው የከዳን?»
«ዓለሙ ነዋ፣ ጓድ። እኔማ በር ላይ ነኝ።»
በእስክርቢቶ ላቃናው ብል ስርዝ ድልዝ አልቀበልም አሉ። እ/ጽጌ አንዲት ትርፍ ቅጽ ሰጡኝ፤ ከተበላሸች ሌላ የለም። ሞጣ ሌላ የጽሕፈት መኪና አለ ተብያለሁ።

ዓርብ፣ ግንቦት 10። ሞጣ፣ 5 ሰዓት
በእህል ጭነት ላይ መጣሁ። አቧራ ለብሻለሁ። የሞጣው ታይፒስት ችኩል ነው። ቅጿን ሊያስገባ ሲል በቁራጭ ወረቀት ሞክር አልሁት። እያጉረመረመ ሞከረ። ሳልስ አለች! ካዕብ ግን የለችም፤ «ኪዳን ዓለመ» ብሎ ወጣ። ቢቸና ከዳን፣ ሞጣ ሕልም አየ።  ከዚያ ጭንቅላቴ እንደ ልማዱ ሠራ።
«ወንድሜ፣ ኪዳንን ብቻ ምታልኝ። አባቴን ቢቸና አስመታዋለሁ።»
ተራ የሚጠብቁት ሴትዮ አማተቡ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 11። ቢቸና፣ 4 ሰዓት
እ/ጽጌ ትንፋሻቸውን ውጠው መቱ። ዓለሙ! ብቻ የአባቴ ስም ከስሜ ግማሽ ጣት ዝቅ አለ። ጓድ ይርጋ መነጽራቸውን አወለቁ፤ አባት ከልጁ በታች የሚሆነው የት አገር ነው አሉ። ሞተው ከመሬት በታች ናቸው፣ ጓድ፣ አልሁ። ሳቅ አመለጣቸው። ፈረሙ።

6 ሰዓት
የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው። የክፍል ጓደኞቼ የሚካኤልና የሲሳይ ወረቀት ግን ገና አልተመታም። እዚህ ከተመታ መካኤልና ሰሳይ ሊሆኑ ነው። ወስኛለሁ፤ ቅጾቻቸውን ይዤ ሞጣ እመለሳለሁ። ሰኞ መዝገብ ቤት ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ፈቃድ መጠየቅ ነው።