አባባ ጣሪያ ላይ የተመታው ጅራት

ሰኞ፣ ግንቦት 25

አባባ የሽመና ክፍል ጣሪያ ላይ የተመታው አዲሱ ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮ አይደለም። ወንድሜ ደረጀ የሚሠራው የጃይሮፕሌን ጅራት ነው። የላይኛው ግማሽ።

ከትምህርት ቤት ስወጣ ሽሮ ሜዳ ጎራ አልኩ። አባባ ከሽመና ጉድጓዳቸው ሳይወጡ በመወርወሪያው ወደ ላይ ጠቁመው "ወንድምሽ አበጀልኝ፤ ከእንግዲህ ድሩ ላይ አያንጠባጥብም" አሉኝ፣ ደስ ብሏቸው። ቀና አልኩ። የሚያብረቀርቅ አልሙኒየም፣ የሪቬት ምስማር መስመር፣ ጥጉ ላይ በእርሳስ "ላይ" የሚል ጽሑፍ። የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው። በይ ቁጭ በይ ቢሉኝም እምቢ ብዬ ወጣሁ።

ስናደድ ነገር እዘላለሁ፤ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጃይሮ ትንሽ በራሪ ማሽን ነው፤ ሄሊኮፕተር ግን አይደለም። ላይ ያለውን ረጅም ክንፍ፣ ሮተሩን፣ በአየር ላይ የሚያዞረው ሞተር ሳይሆን ከታች የሚገባው ነፋስ ነው። ሞተሩ ከነጂው ጀርባ ያለውን ፕሮፔለር አዙሮ ወደፊት ይገፋል፣ በቃ። አፍንጫው ከተደፋ ነፋሱ ይቀራል፣ ሮተሩ ይደክማል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን መጻፍ አልፈልግም። አፍንጫው እንዳይደፋ የሚይዘው ጅራቱ ነው።

አምና ሁለት ንድፍ አወዳድሬለት ነበር። ደብተሬ ላይ አለ፦

አሮጌው፦ አጭር ጅራት። ቀጥ ያለ መሪ ብቻ፣ አግዳሚ ክንፍ የለውም። ለመሥራት ቀላል። ሮተሩ አይደርስበትም። አፍንጫው ሲደፋ የሚመልሰው የለም።

አዲሱ፦ ረጅም ጅራት። አናቱ ላይ ሰፊ አግዳሚ፣ ልክ የፕሮፔለሩ ነፋስ መሃል። ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ለሮተሩ ግን ቅርብ ነው!

ቃለ አጋኖው የራሴ ነው። አዲሱን መረጥን። ከዚያ እኔ አዋቂዋ "ንድፉ ለባሕር ጠረፍ አገር ነው፤ የእኛ አየር ስስ ነው፤ ሮተሩን አስረዝመው" አልኩት። እሱ ላይ ልክ ነበርኩ። በየክንፉ አርባ ሳንቲም ጨመረ። ሲረዝም ጅራቱን ይነካ እንደሆነ ግን አልለካሁም። ቴክኒካል ድሮዊንግ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዬ እንዲህ ቢያደርግ ዜሮ ነበር የምሰጠው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 26

ቁስቋም፣ ደረጀ በርና መስኮት የሚበይድበት ግቢ ወጣሁ። ማሽኑን አየሁት። ጅራቱ ከወገቡ ተቆርጧል። አግዳሚውን ታች፣ ከጎማው ብዙም ከፍ ሳይል፣ በብሎን አስሮታል።

"አንቺ ነሽ አስረዝም ያልሽኝ" አለ፣ የብየዳ መነጽሩን ሳያወልቅ። "ሲረዝም ጅራቱን ሊመታ ሆነ። ታዲያ የቱን ልቁረጥ?"

ለምን አልጠየቅከኝም እንዳልለው፣ ፈተና ሳዘጋጅ ሁለት ሳምንት ስልኩን አላነሳሁለትም።

አግዳሚው ታች ነፋስ አያገኝም አልኩት። "ያገኛል እንጂ፣ ፕሮፔለሩ ከፊቱ አይደል?" ብሎ ሳቀ።

ሙከራው ቅዳሜ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ነው። ቪዲዮ የሚቀርጹ ልጆች ጠርቷል። አምና የመጀመሪያዋ ማሽኑ ስትንደረደር በጎኗ ተገልብጣ ያ ቪዲዮ በየስልኩ ዞሯል፤ እስካሁን በር ሊያሠራ የሚመጣው ሁሉ "ፓይለቱ አለ?" እያለ ነው የሚገባው። ይኼ እንዴት እንደሚያንገበግበው አውቃለሁ። የበረራ ፈቃድ አላገኘም፤ አስተማሪ ይዞ አልበረረም። "መሬት ላይ ብቻ ነው የምነዳው፣ አስቱዬ ሙች" አለኝ። አስቱዬ የሚለኝ ሲዋሽ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 27

የፈተና ወረቀት አርማለሁ ብዬ ቁጭ አልኩ። አንድ ልጅ ሁለት ጊዜ አርሜ ሁለት የተለያየ ነጥብ ሰጠሁት። ተውኩት።

ምን ላድርግ፦
– ለአቪዬሽን ባለሥልጣን ልናገር። ያስቆሙታል፣ ማሽኑንም ይወስዱበታል። ዕድሜ ልኩን አያናግረኝም። (ግን በሕይወት ይኖራል።)
– ለአባባ ልናገር። ደም ግፊት አለባቸው።
– ጎማዎቹን ልብሳ። ይኼን ከልቤ አሰብኩበት።
– በስሌት ላሳምነው።

አምስት ገጽ ሠርቼ ወሰድኩለት። አየው፣ አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው። "ሒሳብ ምንጊዜም ላንቺ ነው የሚያደላው" አለኝ።

ስመለስ አባባ ጋ ገባሁ። ፊቴን አይተው "ምን ሆነሻል?" ሲሉ ግማሹን ብቻ ተናገርኩ፤ ጅራቱ ላይ ያለው ነገር ነፋስ የሚያገኝ አይመስለኝም፣ እሱ ደግሞ አያምነኝም አልኩ። አባባ ድር ውጭ ከመዘርጋታቸው በፊት አጥሩ ላይ ክር አስረው ነፋሱን ያያሉ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። "ታዲያ ክር እሰሪበታ" አሉኝ፣ ምኑ ያስጨንቃል በሚል ድምፅ። ከጥለት የተረፈ ቀይ ክር እፍኝ ሙሉ ሰጡኝ።

ደደብ ነኝ። አምስት ገጽ!

ሐሙስ፣ ግንቦት 28

ደረጀ መጀመሪያ አሾፈ፣ ከዚያ እልህ ያዘው፣ ከዚያ እሺ አለ። ሮተሩን አወረድን። ማሽኑን ትልቁ ባሕር ዛፍ ላይ በገመድ አሰርነው። ከጅራቱ ጎን ረጅም አጠና ተከልኩና ከታች እስከ ላይ በየስንዝሩ አንድ አንድ ቀይ ክር አሰርኩ። አግዳሚው ላይም እንዲሁ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ አንዲት እናት ቆም ብለው "ለክፉ ዓይን ነው ልጄ?" አሉኝ። አዎ እናቴ አልኳቸው። ብዙም አልዋሸሁም።

ሞተሩ ተነሳ። የላይኞቹ ክሮች ወዲያው ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ተወጠሩ፣ እንደ ተዘረጋ ድር። የታችኞቹ፣ አሁን አግዳሚው ያለበት ቦታ ያሉት፣ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛሉ። አግዳሚው ላይ ካሰርኳቸው ሁለቱ ጭራሽ ወደፊት ዞረው ተጣበቁ።

ደረጀ ከወንበሩ ሆኖ አንገቱን ጠምዝዞ አየ። አላመነም። ወረደና እኔን አስቀመጠኝ፤ "ነዳጅ ስጪ" አለ። ሰጠሁ። "ጨምሪ።" ጨመርኩ። ጎን ቆሞ ብዙ አየ። ከዚያ እጁን አወዛወዘ፣ አጠፋሁት።

ክሮቹን አንድ በአንድ ፈትቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝና ቅዳሜ ጃኬት ያዢ፣ ሱሉልታ ይበርዳል አለኝ። በረራው አልቀረም ማለት ነው? ልጠይቀው ፈራሁ።

ዓርብ፣ ግንቦት 29

ስልኩ ዝግ ነው። ግቢው ተቆልፏል። በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ፤ ማሽኑ የለም። ጭቃው ላይ የመኪና ጎማ ዱካ አለ። ጎረቤቱ ጠዋት በፒካፕ ጭኖ ሄደ አለችኝ። ወዴት? አላወቀችም።

አንድ ቀን ቀድሞ ሱሉልታ ሄዷል። እኔን ሸሽቶ ነው።

አባባ ጋ ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። ሮተሩን አስረዝም ያልኩት እኔ ነኝ፣ ያልለካሁት እኔ ነኝ፣ አንድ ነገር ቢሆን ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። አባባ መወርወሪያውን አስቀመጡ። ጣሪያውን አዩ፤ ለጣሪያቸው ብሎ የቆረጠው መሰላቸው መሰለኝ፣ ፊታቸው አመድ ሆነ። "ነገ በጠዋት አብረን እንሄዳለን" አሉ። ከዚያ በኋላ አልሠሩም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 30

ከንጋት ጀምሮ ዝናብ። አባባን ልወስድ ሽሮ ሜዳ ስደርስ ጣሪያው ላይ መዶሻ ይሰማል። ደረጀ ነው፤ ዝናቡ ውስጥ ተንበርክኮ ሚስማር ይነቅላል። መጀመሪያ ሰደብኩት። ረጅም ስድብ ነበር፤ እዚህ አልደግመውም።

ማሽኑን የወሰደው ወደ ጓደኛው ጋራዥ ነው፣ ሮተሩን የሚሸከመውን ምሰሶ ከፍ ሊያደርግ። ስልኩን ያጠፋው የዛሬውን ሙከራ ትቶት ለቪዲዮዎቹ ልጆች መልስ አጥቶ ነው፤ እኔ ትዝ አላልኩትም! "ምሰሶው ከፍ ካለ ሮተሩም እንደረዘመ ይቆያል፣ ጅራቱም ሙሉ ይሆናል፣ አይደል?" ብሎ ከላይ ጮኸ። ቁራጩን የፈለገው ለአዲሱ ጅራት ሞዴል እንዲሆነው ነው፤ ልኬቱን አልጻፈውም ነበር። የአባቱ ልጅ! እሳቸውም ልኬት ጽፈው አያውቁም።

እስክለካ አንዲት ሚሊሜትር እንዳትነካ አልኩት። "እሺ አስቴር" አለ። አስቱዬ አላለኝም።

ቆርቆሮውን ሲያነሳው ውሃው በቀዳዳው ቁልቁል ወረደ። ሮጬ ድሩን በላስቲክ ልሸፍን ስል አባባ ክንዴን ያዙኝ። ቀና ብለው የልጃቸውን ፊት በቀዳዳው ያያሉ። "ተዪው፣ ድር ይደርቃል" አሉ። "ውረድ አንተ፣ ያዳልጥሃል።"

ቁራጩ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ዙሪያውን ሚስማር በስቶታል፤ "ላይ" የሚለው ጽሑፌ ግማሹ ታጥቧል። ምሰሶው ከፍ ሲል ሌላ ምን እንደሚቀየር እየሠራሁ ነው። ሦስት ጊዜ ለካሁ፣ ሁለቱ ገጠሙ፣ አንዱ አልገጠመም። ነገ እንደገና እለካለሁ።