ቀስቷ ስትጠፋኝ

ቢቸና፣ ጥቅምት 2003 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ወይንእሸት፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሞጣስ ተስማማችሽ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምርልሽ፣ የምጽፍልሽ ስለ ጤና ነው። ይህን ለመንገር ያልደወልኩልሽ መሐል ላይ ድምፄ ተቆርጦ አንቺን በሐሳብ እንዳልገድልሽ ብዬ ነው። በጽሑፍ ሲሆን ቢያንስ እስከ መጨረሻው እነግርሻለሁ።

ወደ ሞጣ ከመሄድሽ በፊት ቢሮዬ የመጣሽበትን ቀን ታስታውሻለሽ። የማውሱ ቀስት ስክሪኑ ላይ እየጠፋችኝ አንዲት ፕሮግራም ለመክፈት ስንገላታ አየሽኝ። «ለምን ትፈልጊያታለሽ? ተያት» አልሽና ወንበሬን ወሰድሽው። ለምሠራባቸው ፕሮግራሞች ሁሉ የየራሳቸውን ቁልፍ ሰጠሽልኝ። ኮንትሮልና አልትን ይዤ ደብልዩን ስነካ መጻፊያው ይከፈታል፣ ኢን ስነካ ሠንጠረዡ፣ ሲን ስነካ ማስሊያው። ጣቶቼ ፊደሉን ሳላይ ያውቁታል፤ ስለዚህ ቀስቷን ረሳኋት። ያን ጊዜ ሁለታችንም መነጽር የሚፈታው ነገር መስሎን ነበር።

መነጽሩን ገዛሁ፤ ምንም አልለወጠልኝም። ፊት ለፊት ያለውን አያለሁ፣ ጎንና ጎኑ ግን የለም። ቢሮ ውስጥ ይታወቅብኝ ይሆን እያልኩ ሰው በገባ ቁጥር እሳቀቅ ነበር።

መስከረም መጨረሻ ላይ በረዶ ወርዶ የገበሬውን ጤፍ ከመሬት አነጠፈው። የግብርና ቢሯችን ኃላፊ አቶ ደምለው፣ መሬቱ እርጥበቱን ሳይጨርስ የሽምብራ ዘር እንዲላክ የሚጠይቅ ሪፖርት ወደ ደብረ ማርቆስ በሚሄደው መኪና ሊልኩ አሰቡና እንድጽፈው አዘዙኝ። ሹፌሩ ሞተር አስነስቶ ይጠብቃል። የገበሬዎቹ ተወካይ አባ ሰማው በሩ ላይ ቆመዋል። ኮምፒውተሬን ደግሞ ቫይረስ ገብቶበት ባለሙያ ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ ጭኖት ነበር።

ኮንትሮል፣ አልት፣ ደብልዩ። ምንም የለም። ደግሜ ነካሁት። ምንም። ያኔ ነው ያንቺ ቁልፎች አብረው እንደጠፉ የገባኝ። ማውሱን ያዝኩና ቀስቷን ፍለጋ ጀመርኩ።

«ምን ሆነሽ ነው ስርጉት?» አሉኝ አቶ ደምለው።

«ኮምፒውተሩ ዘገየብኝ።»

«ልጄ፣ አላለቀም?» አሉ አባ ሰማው ከበሩ። «መኪናው እንዳይሄድብን።»

ቀስቷ አንዴ ብልጭ ትላለች፣ ስከተላት ትጠፋለች። የእኝህን ሰውዬ ዘር እኔ ላስቀርባቸው ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ በኋላ አፌ ራሱ ተናገረ።

«አቶ ደምለው፣ ቀስቷ አትታየኝም። ዓይኔ ከጎን አያይም። እስከ ዛሬ የምሠራው እህቴ ባስተካከለችልኝ ቁልፍ ነበር፤ አሁን ጠፍቷል።»

ከሥራ የሚያባርሩኝ መሰለኝ። እሳቸው ግን ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና ማውሱን ወሰዱት።

«ከፍቼልሻለሁ። እኔ ልበል፣ አንቺ ጻፊ።»

እሳቸው እያሉ እኔ ጻፍኩ፤ መልሰው አነበቡልኝ። መኪናው ሪፖርቱን ይዞ ሄደ። ዘሩም ከቀናት በኋላ መጣ፤ ሽምብራው አሁን በቅሏል አሉኝ።

አባ ሰማው ከወጡ በኋላ አቶ ደምለው «ዓይንሽን ሳትታዪ ወደዚህ ቢሮ እንዳትመለሽ» አሉኝ። እንባዬ ሲመጣ አይተው ደነገጡ። «ፈቃድ መስጠቴ ነው እንጂ ማባረሬ አይደለም። ለወደፊቱ የበላይ ምን እንደሚል አላውቅም፤ እኔ ባለሁበት ግን ትሠሪያለሽ።» ከዚያ ቁልፎቹን እንዴት እንደሚመልሱ ጠየቁኝ። የፕሮግራሙን ምልክት በቀኝ ክሊክ አድርገው፣ ፕሮፐርቲስ የሚለው ውስጥ ገብተው፣ አንቺ እንዳሳየሽኝ አንድ በአንድ መለሱልኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍበትንም የከፈትኩት በዚያው ቁልፍ ነው።

ባሕር ዳር ሄድኩ። ሐኪሟ ዓይኔን ከመረመረች በኋላ ግላኮማ ነው አለችኝ። ሳያሳምም ዕይታን ከዳር እየበላ የሚመጣ በሽታ ነው። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በጠብታ ማቆየት ይቻላል። ይህን ስትነግረኝ ጸንቼ ነበር። ቀጥላ የጠየቀችኝ ነው የሰበረኝ።

«እህት ወንድም አለሽ?»

«አንዲት ታናሽ እህት አለችኝ።»

«ቶሎ ትመርመር። በቤተሰብ ውስጥ የሚሄድ በሽታ ነው፤ እስኪታወቃት አትጠብቅ።»

ስመለስ አውቶቡሱ ለምሳ ሞጣ ቆመ። ስልኬን አውጥቼ ስምሽ ላይ ደርሼ ነበር። ሰው ሁሉ እየበላ እኔ ከወንበሬ ሳልነሳ ቀረሁ። እንዴት አድርጌ እንደምነግርሽ ጠፋኝ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ በስልክ ስታወሪኝ ትከሻሽን ከበሩ ጠርዝ ጋር ደጋግመሽ እንደምታጋጪ ነገርሽኝ። አንቺ ሳቅሽ። እኔም አብሬሽ የሳቅሁ መሰልኩ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር የለኝም። ምናልባት ቸኩለሽ ይሆናል። ምናልባት በሩ ጠባብ ይሆናል። እሱ እንዲሆን በየቀኑ እለምናለሁ። አንቺ ግን በምናልባት አትቀመጪ። እኔ የተቀመጥኩት ይበቃል።

ይህን ደብዳቤ ወደ ሞጣ በሚሄድ ተጓዥ እልከዋለሁ። ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ፤ ከዚያው አብረን ወደ ባሕር ዳር እናልፋለን። ተዘጋጅተሽ ጠብቂኝ። አልሄድም ካልሽም ጠብቂኝ።

ስለ አንቺ የምትጨነቅ እህትሽ፣
ስርጉት