የኔታ አራጋው ሁለተኛ ክፍል ገቡ

ጥድ አምባ፣ ላስታ
ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለምሥራቅ፣ ደሴ

የእግዚአብሔር ሰላም ለአንቺም በሆድሽ ላለውም ይሁን። ወገብሽ እንዴት ነው? ሐኪሙ እስክትወልጂ ከአልጋ አትውረጂ ማለቱን ባልሽ ወንዴ ነግሮናል። እንደ ልማድሽ «እኔ ደህና ነኝ» ብለሽ እንዳትነሺ። በስልክ እንዳልነግርሽ እናትሽ ስልኩን አትለቅልኝም፤ ደግሞ አፌ የማይታዘዝልኝ ነገር አለ። ደሳለ ነገ በሚኒባሱ ደሴ ስለሚወርድ ይህን ደብዳቤ በእሱ ልኬዋለሁ።

እንዳትጨነቂ ብለን የደበቅንሽ ነገር አለ። አንቺ በሄድሽ በሳምንቱ መምህር እንግዳው ወልድያ ሥራ አገኘና ተሰናበተ። የትምህርት ቤትሽ ሁለተኛ ክፍል ያለ መምህር ቀረ። ቅዳሜ ወላጆች ግቢው ውስጥ ተሰብስበው «ምሥራቅ እስክትመለስ ይዘጋ» የሚለው በዛ። እኔ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሳልፍ ነው የሰማሁት። አጥሩን ተደግፌ መቆሜ ግን እውነት ነው። ያን ጊዜ የጀውሀራ እናት አሲያ ተነሣች።

«የመንግሥቱ ትምህርት ቤት ወንዝ ማዶ ነው። ሰኔና መስከረም ሲሞላ ልጆቻችን ቤት ይውሉ የነበረውን ረሳችሁት? ምሥራቅ በአሥራ አንድ ልጅ፣ በእህል መጋዘን ውስጥ የጀመረችው ለዚያ ነው። የዚህን ቤት ድንጋይ እኛው ነን የተሸከምነው» አለች። ቀጥላ ወደ አጥሩ ዞረች። «የኔታ፣ እርስዎ ፊደል ያውቃሉ። ምን ይጠብቃሉ?»

አሥራ አራት ዓመት ያንን ደጅ አልረገጥኩም። ሃያ የነበሩት የአብነት ተማሪዎቼ አንቺ ከከፈትሽ ወዲህ ስድስት ቀሩ። «ልጄ ጉባኤዬን በተነችው» ብዬ ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ። «አባዬ፣ መሠረቱን ይባርኩልኝ» ብለሽ ስትመጪ ጀርባዬን ሰጠሁሽ።

ሰኞ ጠዋት ገባሁ።

ሀ ሁ ብዬ ሳስጮኻቸው ጀውሀራ እጇን አወጣች። «የኔታ፣ ይሄንንማ እናውቀዋለን። ሰኞ ተረት የምንጽፍበት ቀን ነው።»

«ተረት የምትጽፉት እናንተ?»

«አዎ። ቲቸር ምሥራቅ ከራሳችሁ አውጡ ትለናለች።»

እኔ ፊደል ከለየሁ በኋላ ከራሴ አንድ መስመር ለመጻፍ አሥራ አምስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ጀውሀራ «ጅብ እናቴን ፈርቶ መንገድ ቀየረ» ብላ ጽፋለች። ብታዪው እስክታለቅሺ ትስቂ ነበር፤ እኔ እንዲያ ሆኛለሁ።

የተማሪ ስም ስፈልግ ቁም ሳጥኑ ውስጥ የሁሉንም ዓመት ደብተሮችሽን አገኘሁ። ይቅር በዪኝ፣ አነበብኳቸው። በየልጁ ስም ሥር ጽፈሻል፦ «ከኋላ አይታያትም፣ ፊት ትቀመጥ።» «አባቱ ታሟል፣ ቢያረፍድ አልቆጣው።» በጦርነቱ ጊዜ፦ «ዴስኮቹ ተማግደዋል። ነገ ድንጋይ ላይ እንቀመጣለን።» በማግስቱ፦ «ሠላሳ ሁለት ልጅ መጣ።» እኔ ያን ሰሞን ጉባኤዬን አጥፌ ቤቴ ተቀምጬ ነበር። አንቺ ከቤታችን ሁለት መቶ እርምጃ ርቀት ላይ ይህን ታደርጊ ነበር፤ እኔ አላየሁም።

የዓመቱ መዝጊያ በዓል እንግዶች ዝርዝርም አለ። በየዓመቱ ዝርዝር ከሁሉ በላይ ያለው የእኔ ስም ነው። ከጎኑ በእጅሽ «አልመጡም» ይላል። አሥራ ሦስት ጊዜ ነው። ለእናትሽ አላሳየኋትም።

አሁን ጠዋት እዚያ ነኝ፣ ከሰዓት ስድስቱን አስተምራለሁ። ለካ ዳዊት ከሁሉ ቀድመው የደገሙልኝ ሁለቱ ያንቺ ተማሪዎች ኖረዋል! እንግዲህ ማን የማንን ጉባኤ እንደበተነ እንጃ።

አንቺ ስለ ሥራው ብለሽ አትቸኩዪ። ሕፃኑ እስኪጠና እናትሽ ጋ ትተኛለሽ። ለመጪው ዓመት መምህር ስትፈልጊ ግን ማስታወቂያ ከመለጠፍሽ በፊት እኔን ጠይቂኝ። ሂሳብ አልችልም፤ እሱን ከጀውሀራ ጋር እየተማርኩ ነው።

እመቤታችን ከአልጋሽ ራስጌ አትለይ፣ በሽልም ታውጣሽ። እጅሽ የነካው ሁሉ ይለምልም።

አባትሽ አራጋው