ራሱ የሚጫወተው ቫዮሊን

ጥቅምት 6

ሲዘንብ ዋለ። ሥራ ቀዝቃዛ። ባለሱቁ መህዲ ሁለት ስልክ ጠግኖ ሱቁን ለኔ ጥሎ ወጣ። ከዳሪሙ ለመጡ አንድ ገበሬ የመታወቂያ ኮፒ አነሳሁ። ከዛ ሌላ ማንም አልገባም...

ከሰዓት ጋሼ በዳሳ መጡ። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መሪ። ጃንጥላቸውን በሩ ላይ አራገፉና ሳይቀመጡ ጀመሩ።

"ቢሊሴ፣ ለጥር ጉባኤ አዲስ መዝሙር አለን። ዘንድሮ የአካባቢው መዘምራን ሁሉ እኛ ጋ፣ መቱ ከተማ ነው የሚመጡት። ቅንብሩን አንቺ ትሠሪዋለሽ።"

"እሺ ጋሼ።"

"ስትሪንግ ይኑረው። ፊልም ላይ እንደሚሰማው... ብዙ ቫዮሊን።"

"እሺ።"

ለምን እሺ አልኩ? ቫዮሊን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ያለኝ የመህዲ አሮጌ ላፕቶፕና አንዲት ትንሽ ኪቦርድ። ሁለት መዝሙር ከበሮና ቤዝ ስላስገባሁበት አቀናባሪ የሆንኩ መሰለኝ።

ጥቅምት 9

ቪዲዮ ሳይ ዋልኩ። ለጀማሪ የቱ የኦርኬስትራ ሶፍትዌር ይሻላል የሚሉ። አንዱ ያወደሰውን ሌላው ያጣጥለዋል። ግማሹ አይገባኝም፣ በጣም ይፈጥናሉ።

ትልቁ የሚባለው... ናሙናውን ስሰማ ፀጉሬ ቆመ። ግን ይሄ ላፕቶፕ አይችለውም። ሃርድ ዲስኩ አይበቃውም፣ ሲከፈት ራሱ ኮምፒውተሩን ቀጥ ያደርገዋል አሉ። ተወው።

ትንሹ ነጻ ነው። ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ቼሎ፣ ሁሉም ለየብቻው። ኖታውን አንድ በአንድ የማስገባው እኔ። የት እንደሚጎላ፣ የት እንደሚሳሳ፣ ቫዮሊኑ የሚፋቅበት ቀስት የት እንደሚዞር ሳይቀር እኔ።

ሦስተኛውም ነጻ ነው። እሱ ሌላ ነገር ነው። አንድ ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ብቻ፣ ኦርኬስትራው ራሱ ተነስቶ ይጫወታል። ዜማው፣ ምቱ፣ ሁሉም ተዘጋጅቶ የመጣ።

መህዲን ጠየቅኩት። እሱ ስለ ሙዚቃ አያውቅም፣ ስለ ኮምፒውተር ግን ያውቃል።

"የምትፈልጊው ቫዮሊን ነው ወይስ ቫዮሊን የሚጫወት ሰው?" አለኝ።

"ምን ለየው?"

"ቫዮሊን ካወረድሽ መጫወቱ ያንቺ ሥራ ነው። ሌላኛው ተጫውቶ ይሰጥሻል።"

ትንሹን መረጥኩ። መማር አለብኝ። ያለዚያማ ምኑን አቀናባሪ ሆንኩት?

ጥቅምት 15

ትንሹ ወረደ። መብራት እየሄደ ሦስቴ ተቋርጦ...

ቀኑን ሙሉ ታግዬ ሁለት መስመር። መጥፎ ሁለት መስመር። እውነተኛ ቫዮሊን ነው፣ ድምፁ እውነት ነው፣ እኔ ስነካው ግን የታመመ ይመስላል። እማዬ ልብስ እያጠፈች ስትሰማ ቆይታ "ምንድነው የሚያለቅሰው?" አለች። ለመቀለድ አይደለም፣ ከልቧ ነው የጠየቀችው።

ዘጋሁት።

ጥቅምት 20

ሦስተኛውን አወረድኩ። ለመሞከር ብቻ።

ከተዘጋጁት ዜማዎች መጀመሪያ ላይ ያለውን ከፈትኩና አንድ ቁልፍ በአንድ ጣት ተጫንኩ... ቤቱ ሞላ። ከሥር ቼሎዎቹ፣ ከላይ ቫዮሊኖቹ እየተከታተሉ ሽቅብ ሲወጡ። እማዬ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትሰማለች።

ጣቴን ማንሳት አቃተኝ።

ጥቅምት 23

የመዝሙሩ መግቢያ ላይ አስገባሁት። አዝማቹ ላይም። እንዲህ ቶሎ ያልቃል ብዬ አላሰብኩም። ትንሹን አጠፋሁት፣ ቦታ ይይዛል።

ኅዳር 2፣ እሑድ

ለመዘምራኑ አሰማኋቸው። ሊቺ፣ ያ ቀልደኛው ቤዝ ዘማሪ፣ አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ።

"ይሄን ከየት አመጣሽው?" አሉኝ ጋሼ በዳሳ።

"እንዲሁ... መጣልኝ።"

ለምን እንዲህ አልኩ? "ሶፍትዌሩ ነው" ማለት ስንት ቃል ነው? አፌ ላይ ነበረ እኮ።

ኅዳር 9

ጋሼ በዳሳ ዛሬ ከፕሮግራም በፊት ቆመው መሰከሩ። "እግዚአብሔር ለዚህች ልጅ ዜማ ሰጥቷታል፣ ትምህርት ቤት ሳትገባ።" ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እማዬ አጠገቤ ናት፣ እጄን ይዛለች።

ወለሉን ነበር የማየው።

ኅዳር 12

መዝሙሩ በቴሌግራም ከኖፓ እስከ በደሌ ደርሷል ይላሉ። ሱቅ የሚመጣው ሁሉ "አቀናባሪዋ" ይለኛል። እማዬ ለጎረቤቱ ሁሉ ነግራለች። አባዬ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ቀና ብላ ስትሄድ አላየኋትም... ታዲያ አሁን ምን ብዬ ልንገራት?

ኅዳር 23፣ እሑድ

ልምምድ ላይ ሊቺ ስልኩን ይዞ ገባ። "ስሙ። ጎረቤቶቻችን የሁሩሙ መዘምራን ናቸው፣ ትናንት የለቀቁት።"

መግቢያው ጀመረ። ያው ቼሎ። ያው ቫዮሊን ሽቅብ ሲወጣ። አንድም ነገር አልተለወጠም። ከዛ በኋላ ያለው መዝሙር ሌላ ነው፣ መግቢያው ግን የኛ። ማለቴ... የማንም።

"ሰርቀውናል" አለ ሊቺ። ሁሉም ተንጫጩ። ጋሼ በዳሳ ፊታቸው ጠቆረ፣ እዛው ቆመው ስልክ ደወሉ። የሁሩሙ አቀናባሪ ሂካ የሚባል ልጅ ነው አሉ።

እኔ ወዲያው ነው የገባኝ። እሱም ያንኑ ሶፍትዌር አወረደ፣ እሱም መጀመሪያ ላይ ያለውን ከፈተ። በቃ። ስርቆት የለም።

"ቢሊሴ፣ አይዞሽ፣ እውነቱ ይወጣል" አሉኝ ጋሼ በዳሳ።

ራሴን አመመኝ ብዬ ወጣሁ።

ኅዳር 24

አልተናገርኩም።

ኅዳር 26

ሁሩሙ ላይ ሂካን ከኪቦርዱ አንስተውታል። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ተቀብለውታል። ወጥቶ ይቅርታ እስኪጠይቅ አያገለግልም፣ መዘምራኑም ጥር ላይ እዚህ መጥተው አይዘምሩም ተባለ። ሊቺ እየሳቀ ነው የነገረኝ።

ከሰዓት የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

"ቢሊሴ ነሽ? ሂካ እባላለሁ፣ ከሁሩሙ።" ድምፁ ለስለስ ያለ ነው፣ ከኋላው ላም ትጮሃለች። "እህቴ፣ ያንቺን መዝሙር ሰምቼው አላውቅም ነበር። በእግዚአብሔር ስም። የኔ ከሶፍትዌር ነው፣ ራሱ ከሚጫወተው። ብነግራቸው አላመኑኝም። ኮምፒውተር እንዴት ዜማ ያወጣል አሉኝ... ያንቺስ ከየት ነው?"

"ሄሎ? አይሰማም" አልኩት። "ኔትወርክ የለም።"

ላሟ ሳትቀር ጥርት ብላ ትሰማኝ ነበር። ዘጋሁበት።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ኅዳር 29፣ ቅዳሜ

እማዬ ከገበያ ደስ ብሏት ገባች። ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ ጀመረች።

"የዛን የሁሩሙ ልጅ እናት አገኘኋት። ማር ይዛ መጥታለች። ኢብሴ ትባላለች። 'አካም ጂርታ' ብላ ለሰላምታ እጇን ስትዘረጋልኝ አልጨበጥኳትም። 'ልጅሽ የሰው ልጅ ላብ ሰርቆ አንቺ እዚህ ማር ትሸጫለሽ?' አልኳት። ሰው ሁሉ ሰማ።"

"እሷስ ምን አለች?"

"ምን ትላለች? ማሯን ከደነችና ተነስታ ሄደች። ገና ገዢ እያለ።"

እማዬ ሰው ስትሰድብ ሰምቼ አላውቅም። ለኔ ብላ ነው። በኔ ውሸት...

እራት አልበላሁም።

ኅዳር 30፣ እሑድ

ነገርኳት። ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ነጠላዋን እየለበሰች ነበር። "እማዬ ቆይ፣ ተቀመጪ" አልኳት፣ ላፕቶፑን ከፈትኩ፣ ቁልፉን ተጫንኩ። መግቢያው ራሱ መጣ። እጄን አነሳሁ፣ ቆመ። ደግሜ ተጫንኩ፣ ደግሞ መጣ።

"እኔ አይደለሁም የሠራሁት። ይሄው ነው። ሂካም ከዚሁ ነው የወሰደው። አልሰረቀም።"

ትቆጣለች ብዬ ነበር። ትመታኛለች ብዬም ነበር፣ በዚህ ዕድሜዬ። ላፕቶፑን ጎተት አድርጋ አየችው። ከዛ ቀስ ብላ፦

"ታዲያ እኔ ትናንት ያቺን ሴትዮ ምን አደረግኳት?"

ላፕቶፑን ዘጋሁት።

ከፕሮግራም በኋላ አብረን ጋሼ በዳሳ ዘንድ ሄድን። ለሳቸው መናገር ይቀላል ብዬ ነበር፣ አልቀለለም። ሰምተው ጨረሱና መነጽራቸውን አወለቁ።

"ቢሊሴ፣ ሶፍትዌር መጠቀምሽ ምንም አልነበረም። ብትነግሪኝ እሺ እል ነበር። እኔ ግን ቆሜ መስክሬበታለሁ። በእግዚአብሔር ስም።"

"ያኔ ነው ከሁሉም በላይ መናገር የነበረብኝ፣ ጋሼ።"

"አዎ፣ ያኔ ነው" አሉ። አላጽናኑኝም። ቅዳሜ ሁሩሙ እንሄዳለን አሉ፣ ሦስታችንም።

ታኅሣሥ 3

ለሂካ ደወልኩ። "አሁን ኔትወርክ አለ?" አለኝ። እንደምንመጣ ነገርኩት።

"ቶሌ" ብሎ ዘጋ፣ እሺ ማለቱ ነው።

ታኅሣሥ 6፣ ቅዳሜ

ደክሞኛል፣ ግን ሳልጽፈው አልተኛም።

ሚኒባሱ ውስጥ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ ይዤ፣ እማዬ በመስኮት እያየች፣ ሁሩሙ ደረስን። በየደጁ ቡና ሊደርቅ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። አዳራሹ ውስጥ ሽማግሌዎቹ፣ መዘምራኑ፣ ጥግ ላይ ሂካ። ቀጭን ነው፣ ከኔ የሚያንስ ይመስላል። እናቱ እትዬ ኢብሴ ከኋላ።

ጋሼ በዳሳ ነገሩን አስጀመሩና ለኔ ተዉልኝ። ምን እንደተናገርኩ በደንብ አላስታውስም። አማርኛና ኦሮምኛ እየተቀላቀለብኝ... "እኔ አልፈጠርኩትም፣ እሱም አልሰረቀኝም" ማለቴን አስታውሳለሁ። ከዛ ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝቼ ቁልፉን ተጫንኩ።

ያ ሁሉ ቫዮሊን። በአንድ ጣት።

አንዲት ልጅ ሳቀች፣ አፏን ያዘች። አንድ ሽማግሌ "ይኸው ነው?" አሉ። "ይኸው ነው" አልኩ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ለዚህች ቁልፍ ነው ሰው ያስለቀስኩት?

ሽማግሌው ወደ ሂካ ዞሩ። "አንተስ መጀመሪያ ምን ብለኸን ነበር?"

ሂካ ተነሳ። "የኔ ነው ብያችሁ ነበር" አለ። "ስትከሱኝ ነው እውነቱን የተናገርኩት። ለዚህ ነው ያላመናችሁኝ። እሷ ባትመጣ ኖሮ ይሄን አልናገርም ነበር።"

እማዬ ያኔ ተነስታ ማንንም ሳትጠብቅ ወደ ኋላ ሄደች። እትዬ ኢብሴ ፊት ቆመች። "ዲፈማ ናፍ ጎዲ" አለቻት፣ ይቅር በይኝ። እትዬ ኢብሴ ረጅም ጊዜ አዩአት። "እኔ ይቅር ብያለሁ" አሉ በመጨረሻ። "ገበያው ግን አልሰማም።"

እማዬ "የሚመጣው ቅዳሜ ይሰማል" አለች።

ለሂካ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ መለሱለት። ስንወጣ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ይቅርታ አልኩት። "ስልኩን ስትዘጊብኝ ነው ያመመኝ" አለኝ። "ሌላው ያልፋል።"

ታኅሣሥ 13፣ ቅዳሜ

እማዬ ገበያ መሀል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እትዬ ኢብሴን ይቅርታ ጠየቀች። እኔም አብሬ ነበርኩ። አንዳንዱ ሳቀ። እሷ አልዞረችም።

እናቴ በኔ ፈንታ አንገቷን ደፋች። እንዴት ነው የምክሳት?

ታኅሣሥ 20

"አቀናባሪዋ" የሚለኝ ቀርቷል። ሊቺ አያናግረኝም። መህዲ ብቻ እንደድሮው፣ "በቃ አሁን ቫዮሊኑን አውርጂ" አለኝ።

ትንሹን መልሼ አወረድኩ። ጋሼ በዳሳ መዝሙሩን ከጉባኤው አላወጡትም፣ መግቢያውንና ከአዝማቹ ሥር ያለውን ብቻ። "የራስሽ ከሆነ አንድ መስመርም ይበቃል፣ ካልሆነም ያለ መግቢያ እንዘምራለን" አሉኝ።

ጥር 3

አንድ ቼሎ ብቻ። ቫዮሊኑ ገና አይታዘዘኝም፣ ተውኩት። ቀስቱ ሲዞር ድምፁ እንዲሳሳ ማድረግ ሰሞኑን ገባኝ። ሰው ሲዘምር ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ላይ ነው... ለሂካ ላክሁለት። ሁለት ቀን ቆይቶ ዛሬ መለሰ፦ "ሦስተኛው ኖታ ይረዝማል።" ልክ ነው። ይረዝማል።

ጥር 19፣ እሑድ

ጉባኤው ዛሬ ተፈጸመ። የሁሩሙ መዘምራን መጡ፣ ሂካ ኪቦርድ ላይ። መግቢያቸው በኪቦርድ ብቻ ነበር፣ ሌላ ምንም የለበት።

የኛ ተራ ደረሰ። ቼሎዬ ጀመረ። አዳራሹ ትልቅ፣ ድምፁ ትንሽ። ከኋላ ያሉት የሰሙት አልመሰለኝም፣ አንዳንዱ ወሬውን አላቋረጠም። ማንም አላለቀሰም። መዘምራኑ ገቡ፣ ያን ጊዜ ሰው ዝም አለ። በቃ፣ አለቀ።

ውጭ ላይ እማዬና እትዬ ኢብሴ ጎን ለጎን ቆመው አገኘኋቸው። ወዳጆች አልሆኑም። ግን አብረው ቆመዋል። ሰላም ልበል አልበል ሳቅማማ እትዬ ኢብሴ ራሳቸው ጠሩኝ።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ያንን መጀመሪያ ላይ ያለውን ማነው የሠራው?"

እማዬ ቀና ብላ አየችኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ቀጭን ነው።"

"አዎ እትዬ። ቀጭን ነው።"

ራሳቸውን ነቀነቁና እጃቸውን ዘረጉልኝ። ፊቴ እንደለመደው ጋለ... ግን ወለሉን አላየሁም።