በፎጣ የመጣ አሸዋ

ለሚጣዬ፣ ለእናቴ ልጅ፤

እንዴት ነሽ? እንዴት ከረምሽ? ጉንፋንሽ ለቀቀሽ ወይ? የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ሆነ? የአባዬ ሳል ቀነሰለት? ቤቱ፣ ደጁ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው? እኔ ተመስገን ነው፣ አካሌ ደህና ነው። ደህና ያልሆነው ሆዴ ነው። ታውቂኛለሽ መቼም፣ ነገር አላሳድርም፣ ስለዚህ ልናገር።

እማዬ በስልክ ምን አለችኝ መሰለሽ? «ሚጣ እኮ ሱቅ ተከራይታ ስፌት ጀመረች» አለችኝ። እሰየው! ደስ ይበልሽ! ግን ከሰው አፍ ነው የምሰማው? «የስፌት ስልጠናዬን ስጨርስ መጥቼ ካንቺ ጋር እኖራለሁ» ያልሽው ለኔ አልነበረም እንዴ? ሁለተኛውን አልጋ ያስገባሁት ለማን ነው፣ ለአይጥ ነው?

እዚህ ሰው አገር ክፍሌ መስኮት የላትም። ባሕሩ ቅርብ ነው ይላሉ። ይላሉ ነው የምልሽ፣ ሥራ ስገባ አልነጋም፣ ስወጣ መሽቷል፣ ቀኑን ሙሉ ሆቴሉ ምድር ቤት ውስጥ አንሶላና ፎጣ ሳጥብና ስተኩስ ነው የምውለው። አንቺ ደግሞ ከልጅነትሽ ጀምሮ ባሕር ባሕር እንዳልሽ ነው። እንግዲያው ከአልጋሽ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ባሕር ልሥራላት ብዬ ተነሣሁ።

በምን ብር እንዳትይኝ። እንግዶቹ ዋኝተው ሲመለሱ ፎጣቸው አሸዋ ይዞ ይመጣል። ፎጣውን ከማጠቤ በፊት እያራገፍኩ አሸዋውን በፌስታል አጠራቀምኩ። አለቃችን አየችኝና «ደግሞ አሸዋ መስረቅ ጀመርሽ?» አለችኝ። «ባለቤቱ ባሕሩ ነው፣ እሱ ይምጣና ይክሰሰኝ» አልኳት። የሳሙና ካርቶን ዘረጋሁ። የተቀደደ ሰማያዊ መጋረጃ ውሃ ሆነ፣ ያረጀ ነጭ ፎጣ ጫፉን ተርትሬ አረፋ አደረግኩት። ዱቄት በውሃ አፍልቼ ሙጫ ሠራሁና አሸዋውን ከታች ነሰነስኩበት። ዛጎሉን ደግሞ ወጥ ቤቱ ከሚጥለው ለቀምኩ።

ጉዱ እዚህ ጋ ነው። እኛ ዛጎል የምናውቀው ደርቆ፣ ክር ላይ ተሰክቶ ነው። ድንጋይ ይመስለናል እንጂ ሥጋ ያለው ነገር ነው ብሎ ማን ያስባል? ሳልቀቅለው እንዳለ ለጠፍኩት። የኔን አፍንጫ እንደሆነ በረኪናው ከገደለው ቆይቷል፣ ምንም አልሸተተኝም። ከሥራ በማርፍበት ቀን፣ እንደ ልማዴ ድካሜን ላራግፍ ጋደም ብዬ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ሚጣዬ፣ እዚህ ከመጣሁ በሬን ያንኳኳ ሰው የለም። አንቺ መስለሽኝ በባዶ እግሬ ሮጥኩ።

አከራይዋ ናት፣ አፍንጫዋን ይዛ። «ሞተሽ መስሎኝ ነው!» አለችኝ። ምን ትያለሽ፣ እዚህ ሰው የሚጠይቅሽ ስትሸቺ ነው! ግን ክፉ ሴት አይደለችም። ዛጎሉን አብራኝ ነቀለች፣ በሶዳ ቀቀልነው፣ መልሰን ለጠፍነው። እስኪደርቅ አልጋሽ ላይ ቁጭ ብላ «ይሄስ የማነው?» አለችኝ። «የእህቴ ነው፣ ትመጣለች» አልኳት። «መቼ?» ስትለኝ፣ መንደሩን በአፌ የማንቀጠቅጠው ሴትዮ፣ ዛጎሉ ደርቆ እንደሆነ በጣቴ መነካካት ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ ቤቴ አይሸትም፣ በሬም አይንኳኳም።

አሁን ስሚኝ። ሱቅሽ ይቅናሽ፣ ከልቤ ነው። ግን የማትመጪ ከሆነ በራስሽ አፍ ንገሪኝ። እቆጣለሁ፣ እጮሃለሁ፣ ይወጣልኛል። እኔን የሚገድለኝ ዝም ማለትሽ ነው። ስንቀቅል ለሁለት የተከፈተች አንዲት ዛጎል ነበረች። ግማሿን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ከጎኗ የሌላኛዋን ቦታ ክፍት ትቼዋለሁ። ሌላኛዋን እዚህ ፖስታ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልዬልሻለሁ። ወይ ይዘሻት ነይ፣ ወይ ሱቅሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊያት። አይዞሽ፣ ተቀቅላለች፣ አትሸትም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። አባዬን፣ «ስመጣ የገዛሁልህ ጋቢ ይሞቃል ወይ» ብላለች በይልኝ። ታናሻችንን ጆሮውን ቆንጠጥ አድርገሽ ሰላም በይልኝ፣ እሱም ከአንቺ ተምሮ ጠፍቷል። ጎረቤታችንን ቀበጧን፣ ምላሷ ናፍቆኛል በያት፣ እዚህ የሚሰድበኝ እንኳ አጣሁ።

እህትሽ
ከአልጋሽ ጫፍ ላይ ተቀምጬ
ኅዳር ፲፱ ቀን