ባቡሩን በየጠዋቱ ያስቆሙት እትዬ

ትልቅ ትንሹ እትዬ እያለ የሚጠራቸው የጣቢያችን ትኬት ቆራጭ፣ ከሐዲድ ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው የሠራተኞች ቤት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በከተማው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። ጎበዝ ተማሪ ነበሩ፤ አንድ ቦታ መቀመጥ ግን አልሆነላቸውም። መምህራቸው መላው ቢጠፋቸው ሰሌዳ የማጽዳቱን ሥራ ለእሳቸው ብቻ ሰጧቸው። ይህን የሚጽፈው ታናሽ ወንድማቸውም ቁጭ ብለው ሻይ ሲጠጡ አይቶ አያውቅም።

በሃያ ዓመታቸው በትኬት መስኮቱ ተቀጠሩ። ያኔ ጣቢያው ጠዋትና ማታ መንገደኛ፣ በመሃል ከብት፣ ጨውና ሲሚንቶ ያስተናግድ ነበር፤ የፖስታ ከረጢትና ጋዜጣም የሚወርደው እዚያው ነው። የእትዬ መስኮት ደግሞ የጠፋ ጃንጥላ የሚፈለግበት፣ አደራ የሚቀመጥበት፣ የተኳረፉ ባልና ሚስት የሚታረቁበት ነበር። ባቡሩን ከመስመር ወደ መስመር የሚያሻግሩትን ሐዲድ ቀያሪ ያገቡትም በዚያው መስኮት ተግባብተው ነው። በሠርጋቸው ቀን የዘገየ የዕቃ ባቡር መጥቶ ሙሽራው ሐዲድ ሊቀይሩ ሲሮጡ፣ ሙሽሪት ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተከተሏቸው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወልደው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

አስፋልቱ ሲመጣ መንገደኛው ወደ አውቶቡስ ዞረ። የዕቃው ባቡር ቀረ፤ መጠበቂያ ክፍሉ ተቆለፈ፤ ባለቤታቸው አረፉ፤ እትዬም ጡረታ ወጡ። የቀረው አንድ የጠዋት ባቡር ብቻ ሲሆን፣ እሱም መድረኩ ላይ ሰው ካላየ አይቆምም። ሳምንቱን ሙሉ ማንም ካልተሳፈረበት ጭራሽ መቆሙን እንደሚያቆም ትእዛዝ ወጣ። ብዙ ሰው «ይቁም አይቁም፣ ምን ቸገረን» አለ። በዚያው ክረምት ግን ጎርፍ የመኪናውን ድልድይ ወሰደ፤ ምጥ የያዛት የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ሆስፒታል የደረሰችው በዚያ ባቡር ነው። ከዚያ ወዲህ እትዬ እንቅልፍ አጡ፤ ጎረቤቱንም አሳጡ።

በሳምንት አንዴ ቢበቃም፣ እሱን ማመን አይቻልም ብለው በየጠዋቱ ራሳቸው ተሳፍረው ቀጣዩ ጣቢያ ይወርዱና ባገኙት ጭነት መኪና፣ ካጡም በእግራቸው ይመለሱ ነበር። ጉልበታቸው ሲደክም ሰፈሩን ተራ አስገቡ። ጎህ ሲቀድ በር ከተንኳኳ ሌላ ሰው አይጠረጠርም ነበር።

«እማዬ፣ አሁን እዚያ ሄጄ ምን ልሠራ ነው?» ይል ነበር ልብስ ሰፊው ልጃቸው፣ ዓይኑን እያሻሸ።

«ልትመለስ ነዋ! ተነስ!»

ከዓመት በፊት የሳንባ ሕመም አልጋ ላይ ጣላቸው። አልጋቸውን ሐዲዱን ወደሚያሳየው መስኮት አስጠግተው ፍሬኑ ሲጮህ ካልሰሙ ቁርስ አይቀምሱም ነበር። በዚህ ሳምንት ሕመሙ ሲጠናባቸው ሁላችንም ከአጠገባቸው አልለይ አልን፤ በዚህ መሃል የሚሳፈር ጠፋ። እሑድ ባቡር ስለሌለ፣ ትናንት ቅዳሜ የሳምንቱ መጨረሻ ቀን ነበር።

«ዛሬ ማን ቆሟል?» አሉ፣ በደከመ ድምፅ።

መምህርቷ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ አለቀሰች። ልብስ ሰፊው «ዛሬስ ይቅርብን እማዬ፣ እንዴት ትቼሽ እሄዳለሁ?» ቢላቸው ፊታቸውን አዞሩበት። ኮቱን አንስቶ እየሮጠ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ፍሬኑ ጮኸ፤ እትዬም ሰሙት። ልጃቸው ከቀጣዩ ጣቢያ በእግሩ ሲመለስ ግን በሰባ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተው፣ ደጁም በለቀስተኛ ተሞልቶ ጠበቀው። ስንብታቸው ስላመለጠው ያንገበግበዋል። ቢቀር ኖሮ ግን የእናቱ የመጨረሻ ኩርፊያ ዕድሜ ልኩን ይከተለው እንደነበር ታናሽ ወንድማቸው በእርግጠኝነት ይናገራል።

እትዬ ሁለት ልጆችን፣ አራት የልጅ ልጆችንና አንድ ወንድም ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በመልካም ስፍራ ይቀበልልን፤ ቁጭ በይ ብሎ እንዳያስጨንቃቸውም ቤተሰባቸው በትሕትና ይለምናል። ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። ሐዘናችንን ለተካፈላችሁ ሁሉ ምስጋናችን ከልብ ነው።

ነገ ሰኞ አዲስ ሳምንት ይጀምራል። ቤተሰቡ ሐዘን ላይ ስለሚውል፣ ጠዋት መድረኩ ላይ የሚቆም ሰው ገና አልተገኘም።