የአባባ ትክክለኛ መልሶች

ለምወድሽ እኅቴ ለመባ ሉቃስ፣ ካለሽበት ሪያድ ይድረስሽ።

እታለም፣ እንደምን ከረምሽልኝ? ጤናሽስ? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተወሽ ወይ? አሠሪዎችሽስ እንቅልፍ ይሰጡሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን፤ አንቺ ከዓይናችን ከመራቅሽ በቀር የጎደለብን የለም። ክረምቱም እንደምንም አለፈ። የርብ ወንዝ ዘንድሮም ሞልቶ ወጥቶ ሜዳው ላይ ተኝቶ ከረመ፤ አሁን ሩዙ ከውሃው ላይ ቀና ቀና ብሏል። ማለዳ ስወጣ ሰማዩ ከላይ ይሁን ከታች አይለይልኝም፣ ቆሜ እቀራለሁ። እማዬ "ይቺ ልጅ ደግሞ ፈዘዘች" ትለኛለች።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። ስልካችን ከአባባ እጅ አይለይም፤ የምነግርሽ ደግሞ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው የሚነገር አይደለም። የባለሱቁ የሙባረክ ልጅ ሀዲያ ለሥራ ወደ እናንተ አገር ልትመጣ ስትነሣ አግኝቼ፣ ይህችን ሻንጣዋ ውስጥ ከተትሁላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰኔ ጀምሮ በቴሌቪዥን መኪና የሚያሸልም የጥያቄ ጨዋታ መጣ። መልሱን በስልክ መልእክት መላክ ነው፤ ለአሸናፊው ይደወልለታል። አባባ መጀመሪያ ያዩት ሙባረክ ሱቅ ዘይት ሊገዙ ገብተው ነው። ጥያቄው "ከኢትዮጵያ ሐይቆች ትልቁ የቱ ነው?" ይላል። የጣናን ዓሣ እየበላ ላረጀ ሰው ይህም ጥያቄ ሆኖ ነው። አባባ ግን "እኔን ብለው ነው የጠየቁኝ" ብለው ላኩ። ወዲያው "ትክክል ነው፣ ቀጣዩን ይመልሱ" የሚል መጣላቸው።

እንግዲህ አባባን ታውቂያቸዋለሽ፣ መሪጌታ ናቸው። እሳቸው በተማሩበት ቤት የተጠየቀውን በትክክል የመለሰ ተማሪ ወደሚቀጥለው ይሻገራል፤ ሲሻገር ሲሻገር አንድ ቀን ይመረቃል። ይህንንም እንደዚያው አደረጉት። አንዱን ሲመልሱ ሌላ ይመጣል፣ "ከዜማው ወደ ቅኔው ተሻገርሁ" ይላሉ። ጥምጣማቸውን አስተካክለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ነው የሚመልሱት። አንድም አልሳቱ። እያንዳንዱ መልስ ግን ከተራው መልእክት ብዙ እጥፍ ያስከፍላል፤ ካርድ በተሞላ ቁጥር ሙልጭ ብሎ ይሄዳል። ለጉልበትዎ ወንዛዬ ፍል ውሃ ይግቡበት ብለሽ የላክሽውም እዚያው ቀለጠ። ቢተርፍም አይሄዱም ነበር፤ "ውሃው ውስጥ እያለሁ ቢደውሉስ" ይላሉ። ማኅሌት ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው እንኳ መቆም እያቃታቸው ነው።

እማዬ በነገር ትወጋቸዋለች፤ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" እያለች። እኔ ግን አልዋሽሽም፣ መኪናዋን በሐሳቤ እነዳታለሁ። ነጭ ናት። እማዬን ከይፋግ ገበያ ጭኜ፣ ነፋሱ ሩዙን ግራና ቀኝ እያስተኛልኝ፣ ቀስ እያልሁ እስከ አንበሳሜ እሄዳለሁ። መንገዱ አይቆረቁርም፣ ከኋላችንም አቧራ አይነሣም። መሪ ጨብጬ አላውቅም፣ በሐሳብ ግን ማን ይከለክለኛል።

አንድ ቀን ከቴሌቪዥኑ ግርጌ የምትሮጠውን ደቃቅ ጽሑፍ ተጠግቼ አነበብሁላቸው። አሸናፊው የሚለየው በዕጣ ነው ትላለች። አባባ "ዕጣ ከሆነ ጥያቄው ምን ሊሠራ መጣ?" አሉ። ሙባረክ "መሪጌታ፣ ያለ ጥያቄማ ማን ይልካል? ሰው የሚያውቀውን ሲጠይቁት አፉን አይዝም" አላቸው። ከዚያ ወዲህ እሱ ራሱ ካርድ አልሸጥልዎትም ብሎ እምቢ አላቸው፤ ነጋዴ ሆኖ። እሳቸውም አኮረፉና ከሌላ ሱቅ መግዛት ጀመሩ።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ዕጣው ወጣ። ሙባረክ ቤት ተሰብስበን አየን። የተደወለለት ሰውዬ እዚያው ሲጠየቅ ሳተ። አቅራቢዋ እየሳቀች ጠቆም አደረገችው፣ እንደገና ሞከረ፣ መኪናዋን ወሰደ። እኔ ደሜ ፈላ፤ የሳተው እየተሸለመ የመለሰው ባዶ እጁን ይቀራል እንዴ ብዬ ጮህሁ። አባባ "ይባርክለት" ብለው ተነሡ። ስንመለስ ጨረቃዋ ሩዙ መካከል ውሃው ላይ ወርዳ አብራን ትሄድ ነበር፤ አረማመዳችንም በእንቅልፍ ልብ ነበር። "መኪናዋ ቢደርስዎት ምን ሊያደርጓት ኖሯል?" አልኋቸው። "ሸጬ መባን ላስመጣት ነዋ" አሉኝ። ለካ ስነዳት የከረምሁት የአንቺን መምጫ ነው።

በነጋታው ሌላ ዙር ተጀመረ፤ አዲስ ጥያቄ መጣላቸው፣ መለሱ። አንድ ቃል ብቻ ልኮ ጨዋታውን ማስቆም እንደሚቻል ሀዲያ አሳየችኝ። ለአባባ ስነግራቸው ስልኩን ጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጉት። "በገዛ እጄ ልጄን ልተዋት?" አሉኝ። ሳያውቁ ላስቆመው አያቅተኝም፤ ነገር ግን ስልኩ ዝም ቢልም እሳቸው መጠበቃቸውን አይተዉም። ስለዚህ እታለም፣ አንቺው ደውለሽ ንገሪያቸው። የምትመጪ ከሆነ መቼ እንደሆነ ንገሪያቸው። የማትመጪ ከሆነም ንገሪያቸው። ይከፋቸዋል፣ አውቃለሁ፤ እኔም አለቅሳለሁ። ቢሆንም የማያውቁት ሰው ይደውልልኛል እያሉ ከሚኖሩ፣ እውነቱን ከልጃቸው አፍ ቢሰሙ ይሻላል። ካንቺ በቀር የሚሰሙት የለም።

እማዬ ዓይንሽን ትስማለች፣ በደንብ ብዪ ብላሻለች። ወንድማችን ዘመነ አጨዳው ሊደርስ ነው ብሎ ማጭዱን እየሳለ ነው፤ እጅ ነሥቷል። ሙባረክና ቤተሰቡ ሰላም ብለውሻል፤ ሀዲያን እንደ እኅት ያዣት።

አባባ እንደምጽፍልሽ እንጂ ምን እንደምጽፍልሽ አያውቁም። "የእኔንም ቃል አክይልኝ" ብለውኝ አጠገቤ ቆመው አስጽፈውኛል፤ ይኸው፦ "ልጄ፣ እስካሁን አንድም አልሳትሁም። ጥቂት ታገሺኝ።"

እኅትሽ አገኘሁሽ
ወረታ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.